የፎቶግራፍ ዳር ድንበር

«ጉርድ ፎቶግራፍ» የሚለውን አነጋገር የማያውቅ የአማርኛ ተናጋሪ አይገኝም። ለሥራ የሚያመለክት፣ ለትምህርት የሚመዘገብ፣ መታወቂያ የሚያሳድስ ሰው ሁሉ ሁለትና ሦስት ጉርድ ፎቶግራፍ ይዞ እንዲቀርብ ሲታዘዝ ኖሯል። ቃሉ ከመዘውተሩ የተነሣ ደነዘዘ እንጂ የያዘው ሐሳብ ስለታም ነው። ጉርድ ማለት የተጎረደ፣ ከሙሉው ላይ ተቆርጦ የተወሰደ ማለት ነው። የባለ ፎቶግራፉ እጅና እግር፣ የቆመበት መሬት፣ አጠገቡ የነበረው ሰው ሁሉ ከምስሉ ውጭ ቀርተዋል። ስያሜውን ያወጣው ሕዝብ ፎቶግራፍ ማንሣት የመቁረጥም ሥራ መሆኑን ከማንም ሐያሲ ቀድሞ ተገንዝቦታል። «ማስቀረት» የሚለው ግስ ራሱ ሁለት ፊት ያለው ነው፤ ለልጅ ልጅ ማስቀረትም አለ፣ ከጉዞ ማስቀረትም አለ። ካሜራ ሁለቱንም በአንድ ቅጽበት ያደርጋል።

ሌላም ቃል አለ። ፊልም ከአብዛኞቹ ፎቶ ቤቶች ከወጣ ቆይቷል። ጨለማው ክፍል፣ ቀዩ መብራት፣ በገመድ ላይ ተሰቅሎ ውኃው የሚንጠባጠበው ወረቀት አሁን የሽማግሌዎች ወሬ ሆነዋል። ብዙው ሰው ግን በእጅ ስልኩ ያነሣውን ምስል እንኳ ዛሬም «አሳጠብሁ» ይላል። በዚህ አነጋገር ውስጥ አንድ ቁም ነገር ተጠብቆ ይገኛል፤ ይኸውም ምስል በወረቀት ላይ እስኪያርፍ ድረስ ገና ያላለቀ ነገር መሆኑ ነው።

በመጉረድና በማጠብ መካከል ዛሬ አንድ አዲስ የሥራ ዘርፍ ገብቷል። ፎቶግራፍ አንሺው በኮምፒዩተር ያረመውን ዲጂታል ምስል ዳር ዳሩን ከርክሞ፣ ደንበኛው ወስዶ ሊያሳጥበው በሚችልበት መልክ አስቀምጦ ማስረከብ ይኖርበታል። ይህ ተግባር ግን እንደ ጥበብ ሳይሆን እንደ ጽዳት ይቆጠራል፤ ድግሱ ካለቀ በኋላ የሚደረግ መጠራረግ ሆኖ ይታያል። የሚበላሸውም ስለዚህ ነው።

ሂስም ቢሆን ወደዚህ አቅጣጫ ብዙም አልተመለከተም። ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ ለቤተ መንግሥት ያነሡ የነበሩት የቦያጂያን ቤተ ሰብ አርመናውያን ፎቶግራፍ አንሺዎች በታሪክ ጸሐፊዎች ይወሳሉ። እ.ኤ.አ. በ2010 አይዳ ሙሉነህ የመሠረቱት የአዲስ ፎቶ ፌስት ዐውደ ርእይም ፎቶግራፍ እንደ ሥዕልና እንደ ቅርጻ ቅርጽ በአደባባይ እንዲነገርለት አድርጓል፤ ይህም የሚያስመሰግን ነው። ይሁን እንጂ በየሳሎኑ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የሚኖረው፣ እንግዳ ቡና ሲጠጣ ቀና ብሎ የሚያየው፣ ሕፃናት ዘመዶቻቸውን በጣት እየጠቆሙ የሚማሩበት ምስል የዐውደ ርእይ ምስል አይደለም። የሠርግ፣ የክርስትና፣ የምረቃና የለቅሶ ፎቶግራፍ ነው። ሰፊ ተመልካች ያለው ሥራ ይህ ሆኖ ሳለ የሚመረምረው ሐያሲ አላገኘም።

አሠራሩን እንመልከት። አንድ የሠርግ ፎቶግራፍ አንሺ ከሺህ የማያንሱ ምስሎችን ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል። ሌሊቱን ተቀምጦ ይመርጣል፤ ብርሃኑን ያስተካክላል፣ ቀለሙን ያሞቃል፣ የሙሽራዪቱን ፊት ያለሰልሳል፣ ከበስተኋላ የቆመውን የኤሌክትሪክ ምሰሶ ያጠፋል። በዚህ ሁሉ ላይ እንደ አንጥረኛ ይጠበባል። ከዚያ በኋላ ፋይሉን ሁሉ በአንድ ማስቀመጫ ገልብጦ ያስረክባል። ደንበኛው ደግሞ ያን ይዞ ወደ አንድ ፎቶ ቤት ይሄድና «ይህችን በትልቁ ጠበብልኝ» ይላል። በትልቁ ማለት ስንት በስንት እንደሆነ የሚወሰነው እዚያ ቤት በተገኘው ወረቀትና ደንበኛው አስቀድሞ በገዛው ክፈፍ ነው። ማሽኑ ምስሉን በወረቀቱ ላይ እስኪሞላ ድረስ ይለጥጠዋል፤ የተረፈውን ዳር ይጥለዋል። ለመሆኑ ያን ዳር ማን ጣለው? ፎቶግራፍ አንሺው አልጣለም፤ ደንበኛው አላዘዘም፤ የማሽኑ ሠራተኛም ቁልፍ ከመጫን በቀር ያሰበው ነገር የለም። ሌሊቱን ሙሉ የተደከመበት ሥራ የመጨረሻ ቅርፁን ያገኘው ከማንም ሳይሆን ቀረ።

ምስሉና ወረቀቱ የማይስማሙበት ምክንያት የቆየ ነው። ኦስካር ባርናክ የተባለው ጀርመናዊ መሐንዲስ ለሲኒማ ይሠራበት የነበረውን የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ወስዶ፣ የሲኒማውን 18 በ24 ሚሊ ሜትር ምስል እጥፍ በማድረግ 24 በ36 ሚሊ ሜትር የሚያነሣ ትንሽ ካሜራ ሠራ። ላይካ የተሰኘው ይህ ካሜራ እ.ኤ.አ. በ1925 በላይፕሲግ የንግድ ትርኢት ለገበያ ቀረበ። ወርዱ 3 ሲሆን ቁመቱ 2 የሆነው ይህ ቅርፅ በአብዛኞቹ የባለሙያ ዲጂታል ካሜራዎች ውስጥ እስከ ዛሬ አለ። ወረቀቱና የግድግዳ ክፈፉ ግን ከዚያ በፊት፣ ምስል በመስታወት ሰሌዳ ላይ ይነሣ ከነበረበት ዘመን የመጣ የራሳቸው ልማድ አላቸው፤ 20 በ25 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚሆነው ባለ 8 በ10 ኢንቹ ወረቀት የዚያ ውርስ ነው። የእጅ ስልክ ደግሞ በአብዛኛው 4 ለ3 የሆነ ሦስተኛ ቅርፅ ይዞ መጣ። ሦስት ዘመናት በአንድ ፎቶ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተገናኝተው አይግባቡም ማለት ነው።

ቁጥሩ ይህን በግልጥ ያሳያል። 24 ሚሊዮን ነጥብ የሚያነሣ ካሜራ የሚሰጠው ፋይል በወርዱ 6000፣ በቁመቱ 4000 ነጥብ፣ ማለትም ፒክስል፣ ይይዛል። በ10 በ15 ወረቀት ቢታጠብ ምንም አይጎድልበትም፤ ቅርፁ አንድ ነውና። በ30 በ40 ወረቀት ሙሉ ለሙሉ እንዲያርፍ ሲደረግ ከወርዱ ከዘጠኝ እጅ አንድ እጅ ይወድቃል። በ8 በ10 ኢንቹ ወረቀት ላይ ሲሆን የሚወድቀው 1000 ነጥብ፣ ከስድስት እጅ አንድ እጅ ነው። በስልክ የተነሣው 4 ለ3 ምስል ደግሞ በ10 በ15 ሲታጠብ ከቁመቱ ከዘጠኝ አንዱን ያጣል፤ ይህም ከአናት ወይም ከእግር የሚሄድ ነው።

ከስድስት አንድ በአኀዝ ሲነገር ትንሽ ይመስላል። አሥራ ሁለት ሰዎች ከዳር እስከ ዳር ምስሉን ሞልተው በአንድ ረድፍ ቆመዋል እንበል። ከስድስት አንድ ወደቀ ማለት ከግራ አንድ፣ ከቀኝ አንድ ሰው ወደቀ ማለት ነው።

እነዚህ ሁለት ሰዎች እነማን ናቸው? በቤተ ሰብ ፎቶግራፍ ላይ መካከሉ የተያዘ ቦታ ነው። ሙሽሮች፣ ወላጆች፣ ሚዜዎች፣ የንስሐ አባት በዚያ ይቆማሉ። ዳሩ ግን ዘግይቶ ለደረሰ ነው፤ «አንተም ግባ እንጂ!» ተብሎ ለተጎተተ፣ ከገጠር ለመጣች አክስት፣ ወጥ ቤት ውላ እጇን በመቀነቷ ጫፍ እየጠረገች ለተጠራች ጎረቤት፣ ልጁን አዝላ ላሳደገች ሞግዚት ነው። ሙሽሮቹ በዚያን ዕለት በመቶ በሚቆጠሩ ምስሎች ውስጥ አሉ፤ ጎረቤቲቱ ያለችው በዚህች በአንዲቱ ውስጥ ነው። ስለዚህ የማሽኑ ቢላዋ ሲያርፍ ከሁሉ እኩል አይወስድም፤ አንድ ብቻ ካላቸው ሰዎች ላይ ነው የሚወስደው። በድሮ አልበሞች ልማድ ከፎቶግራፉ ጀርባ «ከግራ ወደ ቀኝ» ተብሎ ስም ይጻፍ ነበር። ይህን ልማድ ዛሬም የሚጠብቅ የቤተ ሰብ አባል ቢኖር ጀርባው ላይ አሥራ ሁለት ስም ጽፎ ፊት ለፊት አሥር ሰው ሲቆጥር ይገኛል።

የጥንቱ የኢትዮጵያ ሥዕል የዳርን ነገር በሌላ መንገድ ያከብረው ነበር። በቤተ ክርስቲያን ግድግዳና በገበታ ላይ በተሣሉ ሥዕሎች፣ ሥዕሉን ያሣለው ሰው ከታች በኩል፣ ከቅዱሱ እግር ሥር ተደፍቶ፣ መጠኑ አንሶ ይታያል፤ ብዙ ጊዜም ስሙ በአጠገቡ ተጽፎ ይገኛል። ሠዓሊው ጠርዙን የተረፈ ቦታ አላደረገውም፤ የለማኙ ቦታ አደረገው እንጂ። ከእንዲህ ያለው ሥዕል አራት ጣት ያህል ከግርጌው ቢቆረጥ የቅዱሱ መልክ አይነካም፤ ሥዕሉ ስለ ማን ተማጽኖ እንደተሣለ ግን ጠፋ ማለት ነው።

ይህ ሲባል መከርከም በራሱ ኃጢአት ነው ለማለት አይደለም። በፎቶግራፍ ዓለም እንዲህ የሚሉ አሉ፤ አባታቸው አድርገው የሚጠሩትም ፈረንሳዊውን አንሪ ካርቲዬ ብሬሶንን ነው። እርሱ ምስል በካሜራው መመልከቻ ውስጥ ሙሉ ሆኖ መወለድ አለበት፣ ከዚያ በኋላ የሚነካው መቀስ ያበላሸዋል የሚል አቋም ነበረው። የኔጌቲቩ ጥቁር ጠርዝ እንዳለ የሚታይባቸው ህትመቶቹም የዚህ እምነት ምስክር ሆነው ተቆጥረዋል። ዳሩ ግን ስሙን ካስጠሩት ሥራዎች አንዱ፣ እ.ኤ.አ. በ1932 በፓሪስ ከሳን ላዛር ጣቢያ በስተጀርባ በኩሬ ላይ የሚዘለውን ሰው ያነሣበት ምስል፣ የተከረከመ ነው። በአጥር ሳንቆች መካከል አሾልቆ ስላነሣው ከምስሉ ግራ በኩል ሳንቃው ገብቶበት ነበርና ቆርጦ ጣለው። ደቀ መዛሙርቱ ይህን ከሕጉ የወጣ አንድ ጉዳይ ብቻ ነው ብለው ያልፉታል። ይልቁንስ ሊታይ የሚገባው የቆረጠው እርሱ ራሱ መሆኑ፣ ለምን እንደሚቆርጥም ማወቁ ነው።

አሜሪካዊው አርኖልድ ኒውማን በዚህ በኩል አንዳች እፍረት አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ1946 የሙዚቃ ደራሲውን ኢጎር ስትራቪንስኪን ከፒያኖ ጋር ሲያነሣው፣ በኔጌቲቩ ላይ በዙሪያው ብዙ ባዶ ቦታ ነበረ። ኒውማን ከርክሞ ከርክሞ ሰውየውን በታችኛው የግራ ጥግ አሸጎጠው፤ የተከፈተው የፒያኖ ክዳን ግን እንደ ትልቅ ጥቁር የሙዚቃ ምልክት ምስሉን ሞልቶ ቆመ። ሥራውን ያዘዘው ሃርፐርስ ባዛር መጽሔት ሳይቀበለው ቀረ፤ ዛሬ ከኒውማን ሥራዎች ሁሉ የሚታወቀው ግን ያው ነው። እዚህ ላይ መቁረጥ ማለት መጻፍ ማለት ሆኗል።

ሦስተኛው ምሳሌ ከሁለቱም ይልቅ የሚያነጋግር ነው። ኩባዊው አልቤርቶ ኮርዳ እ.ኤ.አ. መጋቢት 5 ቀን 1960 በሃቫና፣ ከአንድ ቀን በፊት በፈነዳችው «ላ ኩብር» በተባለች መርከብ ለሞቱት ሰዎች በተደረገ ሥርዓት ላይ ቼ ጉቬራን አነሣ። በኔጌቲቩ ላይ በአንድ ወገን የሌላ ሰው የጎን መልክ፣ በሌላው ወገን የዘንባባ ቅጠል ይታያሉ። ኮርዳ ሁለቱንም ቆርጦ ጣለና ያ ፊት ብቻውን፣ ያለ ቦታና ያለ ጊዜ ቀረ። በዓለም ላይ እጅግ ከተባዙት ምስሎች አንዱ ሊሆን የቻለው ከዚህ የተነሣ ነው፤ በባንዲራም፣ በሸሚዝም፣ በግድግዳም ላይ በየትኛውም አገር እንግዳ አልሆነም። ዋጋው ደግሞ ይህ ነው፦ ዕለቱ የለቅሶ ዕለት መሆኑ ከምስሉ ላይ ተነሣ። ያ የተቆጣ ዓይን ሙታንን ለመሰናበት በተሰበሰበ ሕዝብ ላይ ያረፈ መሆኑን ሸሚዙን የለበሰ ወጣት አያውቅም። ኮርዳ ግን የሚያተርፈውንና የሚከስረውን በገዛ ዓይኑ መዝኖ ነው የወሰነው።

በሦስቱም ዘንድ መቀሱን የያዘው የምስሉ ባለቤት ነው። ገጣሚ አንድ ስንኝ ቢሠርዝ ግጥሙን አጠበቀ ይባላል፤ የጋዜጣው ዓምድ ጠብቦ አታሚው ስንኙን ቢሰብረው ግን ቤት የማይመታ ነገር በገጣሚው ስም ወጣ ማለት ነው። የቴአትር አዘጋጅም ተዋናይቱን ከመድረኩ ጥግ ሲያቆማት መጋረጃው እስከ የት እንደሚከፈት አስቀድሞ ይለካል። ሳይለካ ቀርቶ ከአዳራሹ እኩሌታ ተዋናይቱ ባትታይ ተመልካች መጋረጃ ጎታቹን አይወቅስም።

የአገራችን የበዓል ፎቶግራፍ አንሺ ሊወቀስ የሚገባው በዚህ ነው። የካርቲዬ ብሬሶን ኩራት ለእርሱ አይሆነውም፤ ምስሉ በስንት ዓይነት ወረቀት እንደሚታጠብ እያወቀ ከዳር እስከ ዳር ጥቅጥቅ አድርጎ ማንሣቱ ከጥንቃቄ ጉድለት የሚቆጠር ነው። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ቢል፣ በረድፉ ጫፍና በምስሉ ጠርዝ መካከል አንድ ሰው የሚያስቆም አየር ቢተው፣ ማሽኑ የሚጥለው ሣርና ግድግዳ በሆነ ነበር። ይህን የሚያውቁና የሚያደርጉ ባለሙያዎች አሉ፤ ሥራቸው ከሌላው የሚለየው በቀለሙ ሳይሆን በዚህ ነው። በኮምፒዩተሩ ፊት ሲቀመጡም ሙሉውን አርመው ያስቀምጡና ለየወረቀቱ፣ አንዱን ለ10 በ15፣ አንዱን ለ30 በ40 በገዛ ዓይናቸው ከርክመው፣ የፋይሉን ስም በወረቀቱ መጠን ሰይመው ያስረክባሉ። አንዳንዱ ምስል ለ30 በ40 እሺ አይልም፤ ከየትም ቢቆረጥ ሰው ይነካል። እንዲህ ያለው በወረቀቱ ላይ ሙሉውን አሳርፎ ከላይና ከታች ነጭ መተው ነው። ደንበኛው «ወረቀቱ ባከነ» ብሎ ያጉረመርም ይሆናል። የእናቱን አልበም ቢገልጥ ግን በነጭ ጠርዝ ያልተከበበ ምስል እምብዛም አያገኝም፤ ያን ጊዜ ነጩ ዳር ጌጥ ነበር፤ እንደ ዳንቴል የሚቆረጥም ነበረበት።

ክፈፉም የራሱን ድርሻ ይበላል። የእንጨቱ ከንፈር በየወገኑ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ይሸፍናል፤ በሸራ ላይ የሚታተመው ደግሞ ጠርዙ ወደ እንጨቱ ጎን ተጠምዝዞ ብዙ ጣት ያህል ይሄዳል። በማሽኑ ተርፋ በትከሻዋ የቀረች አክስት በክፈፍ ሠሪው ዘንድ ትከሻዋንም ታጣለች።

ከመከርከም ያላነሰ ጥፋት በአስቀማመጥ ላይ ይደርሳል። በላይትሩም የሚሠራ ሰው ሲከረክም ፕሮግራሙ የሚይዘው ትእዛዙን ብቻ ነው፤ ሙሉው ምስል ከሥር ሳይነካ ይኖራል፣ ነገ ቢጸጸት ይመልሰዋል። በፎቶሾፕ ግን የተከረከመው ነጥብ ይሰረዝ ወይስ ይቆይ የሚል ምርጫ አለ፤ ይሰረዝ የሚለው ተመርጦ በዋናው ፋይል ላይ ከተቀመጠ ያ ዳር ዳግመኛ አይገኝም። ጄፔግ የሚባለው የተለመደው የፋይል ዓይነትም ቦታ ለመቆጠብ ሲል በተቀመጠ ቁጥር ከምስሉ ጥቂት ጥቂት የሚጥል ነው። እየተከፈተ፣ እየታረመ፣ እንደገና እየተቀመጠ ብዙ ጊዜ የተመላለሰ ፎቶግራፍ ደጋግሞ እንደታጠበ ነጠላ ይሳሳል። የቀለምም ነገር አለ። ፎቶ ቤቶች በአብዛኛው የሚጠብቁት ኤስ አር ጂ ቢ የተባለውን የቀለም መለኪያ ሲሆን፣ አንሺው ሰፋ ባለው በአዶቤ አር ጂ ቢ አስቀምጦ የላከ እንደሆነና ማሽኑ ልዩነቱን ካላነበበ፣ የሐበሻ ቀሚሱ ጥለት ቀዩና አረንጓዴው ደብዝዞ ይወጣል። ሸማኔው ክሩን ሲመርጥ የደከመው ድካም በአንዲት ያልተነካች ምርጫ ምክንያት ውኃ በላው።

ይህ ሁሉ ተደምሮ ክብደቱ የሚታወቀው በለቅሶ ጊዜ ነው። ሰው ሲሞት ቀብሩ በዚያው ዕለት ወይም በማግሥቱ ይሆናል፤ በድንኳኑ ውስጥ የሚቆም፣ በአስከሬኑ ፊት የሚያዝ ትልቅ ፎቶግራፍ ግን በጥቂት ሰዓት ውስጥ መገኘት አለበት። ብቻቸውን ተነሥተው የማያውቁ አሮጊት ሲሞቱ ቤተ ሰቡ በየስልኩ ይፈልግና በአንድ ሠርግ ላይ ከረድፉ ዳር ቆመው ያገኛቸዋል። ምስሉ በቴሌግራም የተላከ ነው። ቴሌግራም ፎቶግራፍን እንደ ተራ ፎቶ ሲልከው ረጅሙን ጎን ወደ 1280 ነጥብ ዝቅ ሲያደርገው ኖሯል፤ እንደ ፋይል ሲላክ ግን እንዳለ ያደርሰዋል። ይህን ልዩነት የሚያውቅ ጥቂት ነው። አሥራ ሁለት ሰው በ1280 ነጥብ ውስጥ ሲካፈል ለአንዱ ሰው 106 ነጥብ ይደርሰዋል። ጥሩ ህትመት በአንድ ኢንች 300 ነጥብ፣ ከሩቅ ለሚታይ ቢያንስ የዚያን እኩሌታ ይፈልጋል። 106ቱን ነጥብ 30 ሴንቲ ሜትር ወርድ ባለው ወረቀት ላይ መዘርጋት ለአንድ ኢንች 9 ነጥብ መስጠት ነው። የሚወጣውም ፊት ሳይሆን የፊት ጉም ነው። ዋናው ባለ 6000 ነጥቡ ፋይል ቢገኝ ኖሮ ለሰውየዋ 500 ነጥብ በደረሳቸው ነበር። እርሱም ቢሆን ለዚያ መጠን አይበቃም፤ ቢሆንም ዓይናቸው ዓይን፣ በግንባራቸው ላይ ያለው ንቅሳትም ንቅሳት መሆኑ በተለየ።

በእንዲህ ያሉ የለቅሶ ምስሎች ላይ ደጋግሞ የሚታይ አንድ ነገር አለ። በሟች ትከሻ ላይ ባለቤት የሌለው እጅ ያረፈ ነው። አጠገባቸው የቆመው ሰው ተቆርጦ ሲወጣ፣ አቅፏቸው የነበረው እጁ አብሮ አልወጣም፤ አራት ጣት ከትከሻቸው በላይ ብቅ ብሎ ቀርቷል። ፎቶ ቤቱ ችሎታ ካለው ያጠፋዋል፤ ከበስተኋላም ሰማያዊ ሰማይና ደመና ያስገባል። ሰማዩ በአንድ ቀን ስንት ሟች እንደሚያስተናግድ ቆጥሮ የሚያውቅ የለም። ያ እጅ ግን ለምን ይጠፋል? በዚያ ሁሉ ሐሰተኛ ሰማይ መካከል ሟች በሕይወት ዘመናቸው በሰው ተወደው፣ ታቅፈው እንደነበረ የሚመሰክር አንድ እውነተኛ ነገር ቢኖር እርሱ ነው። ጥንቃቄ ያለው ባለሙያ በዚህ ጊዜ ክርከማውን ሰፋ አድርጎ ክንዱን ጭምር ያስገባዋል፤ አስፈላጊ ከሆነም ሁለቱንም ሰዎች ይተዋል። አልቃሽ የሚያለቅስለትን ለይቶ ያውቃል።

ሕጉ በዚህ ነገር ላይ ከተጠየቀ ግማሽ መልስ አለው። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለሥራ አመንጪ ክብሩን ወይም ዝናውን በሚጎዳ መንገድ ሥራው እንዳይቆራረጥና እንዳይለወጥ የመቃወም መብት ይሰጠዋል። ስለዚህ አንሺው በፎቶ ቤቱ ላይ አቤት ሊል ይችል ይሆናል፤ ራሱ በቸልታ ለሰጠው ፋይል አቤት ማለቱ ቢያስቅም። ደንበኛው በበኩሉ የከፈለበትን ገንዘብ ይጠይቃል። ከዳር የቆመችው ጎረቤት ግን የሥራው አመንጪም አይደለችም፣ ደንበኛም አይደለችም፤ የእርሷ ነገር ያለው በአንሺው እጅና ዓይን ላይ ብቻ ነው።

የቀረው የማከማቸት ጉዳይ ነው። የፊልም ዘመን ፎቶ ቤት ቢዘጋ እንኳ ኔጌቲቩ በካርቶን ውስጥ ተጥሎ ከሠላሳና ከአርባ ዓመት በኋላ ይገኛል፤ ከግለሰብ አልበሞችና ካርቶኖች የተሰበሰቡ ምስሎች ዛሬ መጽሐፍ እስከመሆን ደርሰዋል። የዛሬው አንሺ ግን ዲስኩ ሲሞላ የአምናውን ሠርግ ይሰርዛል፤ ደንበኛውም ስልኩ ሲጠፋ በቴሌግራም የተረፈችውን ባለ 1280 ነጥቧን ይዞ ይቀራል። ከክርከማ በፊት የነበረውን ሙሉ ምስል፣ ከነአየሩና ከነሣሩ፣ ለደንበኛው ለብቻው በአንድ ማኅደር አድርጎ «ይህ አይታጠብም፣ ይቀመጣል» ብሎ መስጠት አንሺውን የሚያስወጣው ነገር ቢኖር ጥቂት የማስቀመጫ ቦታ ነው። አንዳንዶች ይህን የሚከለክሉት ደንበኛው ያልታረመውን አይቶ ሥራቸውን ያቃልላል ብለው በመስጋት ነው። ታርሞ ያልተከረከመ ምስል ግን ጥሬ አይደለም፤ ቀለሙም ብርሃኑም ያው ነው፤ የሚጨመረው ዳሩ ብቻ ነው።